ከውክልናው በፊት የልጁን ዕድሜ ጠይቁ

ደብረ ብርሃን ያለውን የሟች ወንድሜን ቤት ለማከራየት ስነሳ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ወንድሜም ባለቤቱም በሕይወት የሉም። ብቸኛ ወራሻቸው ሴት ልጃቸው ናት፤ የምታሳድጋት ደግሞ እናቴ። እናቴን በስልክ "ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" ብዬ ስጠይቃት "18 ይዛለች" አለችኝ። እንግዲያውስ ውሉን እሷ ትፈርም አልኩ። እናቴና ልጅቷ ውል ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሄደው ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከባሕር ማዶ ሆኜ በቢሮው ሠራተኛ ተናደድኩ፤ በኋላ ነገሩን ሳጣራው ሰውዬው ትክክል ነበር።

18 መያዝና 18 መሙላት ይለያያሉ። 18ን ያዘች የምትባለው 17 ሞልቷት ወደ 18ኛው ዓመት የገባች ልጅ ናት። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ነው። የቤተሰብ ሕጉ ግን እንደየክልሉ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለችበት ሰሜን ሸዋ ሲባል በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አንድ አንድ ዞን ስላለ ግራ አትጋቡ። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር፣ መርሐቤቴና ምንጃር ያሉበት ዞን የሚተዳደረው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ፍቼ በኦሮሚያው ሕግ ትዳኛለች። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ጉዳያችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

ዕድሜው ያልሞላ ልጅ ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለው። አሳዳሪው የልጁን አኗኗር፣ ጤናና ትምህርት ይመለከታል፤ ሞግዚቱ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በስሙ ይፈርማል። አባትና እናት በሕይወት ካሉ ሁለቱም አንድ ላይ አሳዳሪም ሞግዚትም ናቸው፤ አንዱ ከሞተ ኃላፊነቱ በቀሪው ላይ ያርፋል። ሁለቱም ሲሞቱ ነው የእኛ ዓይነት ችግር የሚመጣው። አያት ልጅን ከሕፃንነቱ አዝላ፣ አብልታና አስተምራ ማሳደጓ ትልቅ ነገር ነው፤ ባንክና ውል የሚመዘግበው ቢሮ የሚጠይቁት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። እናቴ የሞት ማስረጃዎቹንና የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት ከምስክሮች ጋር አቅርባ ሞግዚት ተባለች። ይህን ወንድሜ እንደተቀበረ ብናደርገው ኖሮ ቤቱ ያን ያህል ጊዜ ባዶውን ባልቆየ ነበር።

ሌላው የእኔ ስህተት ለዘመድ ውክልና ልኬ ነገሩን እጨርሳለሁ ማለቴ ነው። ቤቱ የእኔ አይደለም፤ የሌለኝን መብት ለማንም ልሰጥ አልችልም። ለቤቱ ገንዘብ የላክነው እኛ ብንሆንም ካርታው በልጁ ስም ከሆነ ባለቤቱ ልጁ ነው። ሞግዚቱም ቢሆን የልጁን ቤት መሸጥ ሲፈልግ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጁ ራሱ የፈረመው ውል ደግሞ ሊፈርስ የሚችል ነው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት 18 ከሞላው በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይፍረስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ውጭ ያላችሁ ወላጅ ከሆናችሁ ግን ውክልና ይሠራላችኋል፤ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ፣ ጉዳዩን ለይታችሁ፣ አገር ቤት ላለው ወላጅ ስጡ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አያበቃም።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚደናቀፍበት ወደ ልደት ቀኑ ልምጣ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ በእጅ ያለው የክርስትና ወረቀት ብቻ ነው። በወንድሜ ልጅ ወረቀት ላይ የሰፈረው መስከረም 21 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ የግሸን ማርያም ዕለት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። የልደቷንና የክርስትናዋን ዕለት ጭምር ይዛችሁ፣ የጳጉሜን 5 ቀናትም ጨምራችሁ ወደኋላ ብትቆጥሩ፣ የተወለደችው ሐምሌ 7 ቀን 2000 ዓ.ም. ይሆናል። እናቴም "የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ነው የተወለደችው" ስትል ነው የኖረችው። የክርስትናው ቀን እንደ ልደት ቀን ቢመዘገብ ዓመቱ ጭምር ይለወጥና ለአካለ መጠን የምትደርስበት ቀን በ79 ቀን ይዘገያል። ለወንድ ልጅ 40 ቀን ቁጠሩ።

እኛ በምንኖርበት አገር ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። "2000" ብላችሁ የጻፋችሁትን ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው ልጅቷ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ታድጋለች። ሐምሌ 7 ቀን 2000 በእነሱ ጁላይ 14 ቀን 2008 ነው። ቅጽ ስትሞሉ ሁለቱንም ቀን አስልታችሁ ያዙ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆች ጉዳይ ነው። ለሥራ ለመሄድ 18 መሙላት ግድ ስለሆነ ዕድሜያቸው ከፍ ተደርጎ ፓስፖርት ወጥቶላቸው ሄደዋል። ዓመታት ቆይተው ለውርስ ሲመለሱ የፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ዕድሜ አልገጥም ይላል። እህታችሁ በዚህ ውስጥ ካለች ዛሬውኑ የሕግ ባለሙያ አማክሩላት፤ የውርሱ ክስ ከተጀመረ በኋላ አታድርጉት።

መንዝ ወይም መርሐቤቴ ገጠር ያለ መሬት ከሆነ የሚሸጥ የለም፤ የመጠቀም መብት ብቻ ነው ያለው። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ 18 እስኪሞላው ድረስ በሞግዚቱ በኩል ይጠቀምበታል። የይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ አገር ቤት ያለ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይየው።

የወንድሜ ልጅ ሐምሌ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. 18 ዓመት ትሞላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ሞግዚትነት ያበቃል፤ የቤቱን ኪራይ ሒሳብ ለልጅቷ ማስረከብ አለባት፤ ቀጣዩን ውል የምትፈርመውም ልጅቷ ራሷ ናት። ስለዚህ የተከፈለውን ኪራይ ከነቀኑ በአንድ ደብተር እንዲጽፉ አድርጌአለሁ። ጸሐፊዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ እየተናገረች።