የኤሌክትሪክ ባጃጅ አሮጌ ባትሪ ግቢ ውስጥ አይሰበር

የኤሌክትሪክ ባጃጅ ጭስ የለውም። ባትሪው ሲሞት ግን መርዙ የሚያርፈው እርሳሱን ከሰል ላይ በሚያቀልጠው ሠራተኛና በሰፈሩ ሕፃናት ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጋራዦቻችን ከኤሌክትሪክ ጋር እየተላመዱ ነው፤ የአሮጌ ባትሪ አያያዝም አብሮ ይለመድ።

ርካሾቹ ባጃጆች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ባለ 60 ቮልቱ አምስት፣ ባለ 72 ቮልቱ ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይደረደርበታል። ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማው እርሳስ ስለሆነ አንዱ 30 ኪሎ ቢመዝን 18 ኪሎ ያህል እርሳስ አለው።

ስትፈቱ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ቁልፉን አጥፉ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ባትሪዎቹን ከሚያያይዙት ሽቦዎች መጀመሪያ የመሐሉን ፍቱ፤ መስመሩ ለሁለት ሲከፈል ቮልቴጁም ይቀንሳል። መፍቻው ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ከነካ ብልጭ ብሎ እጅ ያቃጥላል፤ እጀታውን በናስትሮ ጠቅልሉት። የወጣውን ባትሪ ጫፎችም እንዲሁ ሸፍኑና ቀጥ አድርጋችሁ ፕላስቲክ ሳፋ ላይ፣ ዝናብ በማይደርስበትና አየር በሚገባበት ቦታ አስቀምጡ።

አንዳንድ ገዢ «አሲዱን ደፍታችሁ አምጡ» ይላል። እሺ አትበሉ። አሲዱ የሟሟ እርሳስ ይዞ ነው የሚፈሰው። ከፈሰሰ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ አረፋው እስኪቆም ጨምሩ። አረፋው ቆመ ማለት አሲዱ በረደ እንጂ እርሳሱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጭቃውን አፍሳችሁ ክዳን ባለው ጀሪካን ክተቱት፣ ወደ ቱቦ አትጠቡት።

ለቁራሌውም ከመስጠታችሁ በፊት የት እንደሚያደርሰው ጠይቁ። ሳይሰበር ለፋብሪካ የሚያስረክብ ገዢ ዋጋ ቢቀንስም እሱን ምረጡ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ተራ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። አደጋውም ይኸው ነው፤ ማንም ጓሮው ሊያቀልጠው ይችላል፣ ብናኙም አፈር ላይ ይቀራል። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር በ2000 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ፤ ነዋሪዎች የባትሪ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር እያበጠሩ ይሸጡ ነበር፣ 18 ሕፃናት ሞቱ።

ባትሪ የሚነካ ሠራተኛ ቱታውን ጋራዥ ይተው፣ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፣ ልጅ አይቀፍ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሕፃን ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ የበለጠ እርሳስ ወደ ሰውነቱ ያስገባል፣ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ባትሪ ከሚሰበርበት አጠገብ የሚኖር ልጅ ካላችሁ ሐኪም የደም እርሳስ ምርመራ እንዲያዝለት ጠይቁ፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከተገኘ መንስኤው ተፈልጎ መወገድ አለበት።