የቤት ጠላ ስንት ያስወጣል? የግብዓት ወጪን ከገበያ እስከ ጋን ማስላት

በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የማኅበር ተራ የደረሰው፣ ክርስትና ያለበት ወይም ልጁን የሚድር ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጠላው ነው። ከተማዋ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ቢኖራትም ለድግስና ለዝክር የሚቀርበው መጠጥ እስከ ዛሬ ድረስ በብዛት በቤት የሚጠመቀው ጠላ ሆኖ ቆይቷል። ይሁንና ጠላው ስንት እንዳስወጣ ሲጠየቅ አብዛኛው ቤተሰብ የሚናገረው የእህሉን ዋጋ ብቻ ነው። ጌሾው ከጓሮ የተቀነጠሰ፣ ማገዶው ቀድሞ የተገዛ፣ ውሃው ደግሞ ዋጋ የሌለው ተደርጎ ስለሚታሰብ ከሂሳቡ ይቀራሉ፤ ተጠልሎ የወጣው ጠላ ስንት ሊትር እንደሆነም አይለካም። ወጪው በትክክል የሚታወቀው የወጣው ገንዘብ በሙሉ ተደምሮ ለእንግዳ በሚቀዳው ጠላ ሊትር ሲካፈል ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ስሌት ከአጠማመቁ ሂደት ጋር አያይዞ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

በስሌቱ ውስጥ የሚገኙት የብር መጠኖች አሠራሩን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢው በራሱ ገበያ ያገኘውን ዋጋ በየቦታው ይተካ።

1. ልኬቱን መወሰን

ጠላ ጠማቂዎች በቁና፣ በጣሳና በዓይን ግምት መሥራት የለመዱ ናቸው፤ ልምዳቸውም ጥሩ ጠላ ያወጣል። ለወጪ ስሌት ግን ኪሎ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ጣሳ ዳጉሳና አንድ ጣሳ ገብስ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ሚዛን የሌለው ቤት ከጎረቤት ተውሶ የራሱን ጣሳ በየእህሉ ዓይነት አንድ ጊዜ ቢመዝንና ቢጽፈው ከዚያ በኋላ በጣሳው መሥራት ይችላል።

ለዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምበት ልኬት 4 ኪሎ ገብስ፣ 3 ኪሎ ዳጉሳና 3 ኪሎ ማሽላ፣ በድምሩ 10 ኪሎ እህል ነው። በተጨማሪም 2 ኪሎ ብቅል፣ 600 ግራም ደረቅ የጌሾ ቅጠልና 400 ግራም የጌሾ እንጨት ይገባበታል። የየቤቱ ልኬት የተለያየ ስለሆነ አንባቢው የለመደውን ትቶ ይህን እንዲይዝ አይጠበቅም፤ የሚያስፈልገው የጀመረበትን ልኬት መጻፉ ነው።

2. እህሉን መግዛትና የንጹሁን ኪሎ ዋጋ ማውጣት

ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚገባው እህል ከተለያየ የአየር ጠባይ የሚመጣ ነው። ገብሱ ከደጋው ከወገራና ከዳባት፣ ዳጉሳው ከደምቢያና ከጭልጋ፣ ማሽላው ደግሞ ከአርማጭሆና ከመተማ ቆላ ይመጣል። የሦስቱ ዋጋ በአንድ ጊዜ ስለማይወደድ ጠማቂው ድብልቁን እንደየወቅቱ ማስተካከል ይችላል። ገብስ ሲወደድ የማሽላውን ድርሻ ከፍ ማድረግ የተለመደና ጠላውን የማያበላሽ ዘዴ ነው፤ መልኩንና ጣዕሙን ግን ስለሚለውጠው ለትልቅ ድግስ ከመጠቀም በፊት በትንሽ እንስራ መሞከር ይገባል።

እህል በአብዛኛው የሚረክሰው አዝመራው ተሰብስቦ ገበያ በሚገባበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚወደደው ጎተራው በሚራቆትበት በክረምቱ ወራት ነው። ጥር ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እህሉ ገና ብዙ ቢሆንም ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀትና የወሩ ሰርግ ስለሚደራረቡ የጌሾና የብቅል ፈላጊ ይበዛል፤ ስለዚህ የጥር ደጋሽ እነዚህን ሁለቱን ቀደም ብሎ ቢገዛ ይጠቀማል።

በዋጋ ርካሽነት ብቻ መግዛት የሚያስከፍለው ነገር አለ። የተገዛው እህል ሲበጠርና ሲለቀም ግርዱና ጠጠሩ ይወጣል። በምሳሌያችን ገብስ በኪሎ 80፣ ዳጉሳ 90፣ ማሽላ 70 ብር ቢሆን ድምሩ 320፣ 270 እና 210 ብር፣ ማለትም 800 ብር ይሆናል። ከ10 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ቆሻሻ ቢወጣ 800 ብሩ የተከፈለው ለ9.5 ኪሎ ንጹሕ እህል ስለሆነ፣ የንጹሁ ኪሎ 84 ብር ያህል ወጥቶበታል ማለት ነው። ሁለት ነጋዴዎችን ማወዳደር ያለብን በዚህ ቁጥር ነው። በተለይ ገብስ ሲገዛ እንክርዳድ መኖር አለመኖሩን በእጅ ዘግኖ ማየት ያስፈልጋል፤ እንክርዳድ የበዛበት ገብስ ቢረክስም በጠላው ጠጪ ላይ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለሚያስከትል በምንም ዋጋ የሚገዛ አይደለም።

3. ብቅሉን ማብቀል ወይስ መግዛት?

በግብዓት ወጪ ላይ ቤተሰቡ የራሱን ውሳኔ የሚያሳርፍበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ጥሬ እህል ውስጥ ያለው ስታርች በቀጥታ ወደ አልኮል አይለወጥም። እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ስለዚህ ደካማ ብቅል ከገባ የቀረው 10 ኪሎ እህል ጉልበቱን ሳይሰጥ አተላ ሆኖ ይወጣል።

ብቅል ለማብቀል የሚመረጠው ያልተሰበረ፣ ያልነቀዘና ያላረጀ ገብስ ነው። ታጥቦ አንድ ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ውሃው ተጠንፎ በንጹሕ ጆንያ ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ለሦስት ቀናት ገደማ ይቆያል፤ በየቀኑም ይገላበጣል፣ ሲደርቅ ውሃ ይረጭበታል። ጫፉ እኩል ሲበቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይደርቃል። በዚህ ሂደት እህሉ ሲተነፍስና ሥሩ ሲረግፍ ክብደቱ ስለሚቀንስ ከ100 ኪሎ ገብስ የሚገኘው 80 ኪሎ ያህል ብቅል ነው።

ስሌቱ እንግዲህ ቀላል ነው። ለ2 ኪሎ ብቅል 2.5 ኪሎ ገብስ ያስፈልጋል፤ በኪሎ 80 ብር ሂሳብ 200 ብር፣ ማለትም ብቅሉ በኪሎ 100 ብር ይመጣል። ገበያ ላይ ብቅል በኪሎ 130 ብር ቢሸጥ ቤት ማብቀል 60 ብር ያተርፋል። ለአንድ እንስራ ጠላ ይህ ትርፍ ድካሙን ላያካክስ ይችላል፤ ለሰርግ የሚጠምቅ ሰው ግን ያለ ጥርጥር ቤቱ ቢያበቅል ይሻለዋል። ሆኖም ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማይገኝና እርጥብ ብቅል ስለሚሻግት በሐምሌና በነሐሴ መግዛቱ ይመረጣል። የሻገተ ብቅል ለጤና አደገኛ ስለሆነ ኪሳራውን ተቀብሎ መጣል እንጂ ከጥሩው ጋር መቀላቀል አይገባም።

4. ጌሾ

ጌሾ ለጠላ መራራ ጣዕሙን ይሰጠዋል፤ አንዳንድ አበላሺ ተህዋስያንንም ስለሚገታ ጠላው ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያግዛል። ቅጠሉን በ300 ብር ኪሎ ሂሳብ 600 ግራም ብንገዛ 180 ብር፣ እንጨቱን በ150 ብር ሂሳብ 400 ግራም ብንገዛ 60 ብር፣ በድምሩ 240 ብር ይሆናል። ጌሾ ሲገዛ መድረቁ በእጅ ተሰባብሮ መታየት አለበት፤ እርጥቡ ሲደርቅ ክብደቱ በእጅጉ ስለሚቀንስ በደረቅ ዋጋ እርጥብ መግዛት ግልጽ ኪሳራ ነው። ጓሮ ያለው ሰው ሁለት ሦስት የጌሾ ችግኝ ቢተክል ለዓመታት ይቀነጥሳል። የጓሮ ጌሾም ቢሆን በመዝገቡ ላይ በገበያ ዋጋው ቢጻፍ መልካም ነው፤ አለበለዚያ ጌሾው ባለቀበት ዓመት ወጪው በድንገት የጨመረ ይመስላል።

5. መጥመቅ፣ ከማገዶውና ከውሃው ጋር

ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውሃ ተበጥብጦ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይጠነሰሳል። ቀጥሎ የተፈጨው ብቅልና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተቆልቶ ተፈጭቶ በምጣድ የታመሰው እንኩሮ ከተከተከተው የጌሾ እንጨት ጋር ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፤ የጋኑ አፍም ይመረጋል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላበትና ሲረጋ ይጠለላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት በብርድ ወራት ድፍድፉ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ለቀን ቀጠሮ የሚጠምቅ ሰው ቀኑን ሲቆጥር ይህን ያስብ።

እህሉን አጥቁሮ መቁላት በአካባቢያችን የሚወደደውን ጥቁር ጠላ ይሰጣል። ነገር ግን እጅግ ያረረ እህል ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርቹ ስለሚቀንስ ጠላው መልኩ እየጠቆረ ኃይሉ ይደክማል፤ ማገዶውም ይበዛል። ስለዚህ ጥቁር መልክ የሚፈልግ ሰው ከእህሉ ጥቂቱን ብቻ አጥቁሮ ቢቆላ የቀረውን እህል ከብክነት ያድናል። ብቅሉ ግን ፈጽሞ አይቆላም፤ እሳት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል።

ለወፍጮ 12 ኪሎ በ5 ብር ሂሳብ 60፣ ለማገዶ 150፣ ለወይራና ለግራዋ 20 ብር እንያዝ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ በጀሪካን ስለሚገዛ ለመጥመቂያና ለማጠቢያ አምስት ጀሪካን በ10 ብር፣ 50 ብር ይጨመራል። እነዚህ በድምሩ 280 ብር ይሆናሉ፤ ከጌሾው በላይ ናቸው፣ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው እነርሱን ነው።

6. የወጣውን መለካትና ማካፈል

የእህሉ 800፣ የብቅሉ 200፣ የጌሾው 240 እና የሌላው 280 ብር ሲደመር 1,520 ብር ይሆናል። ጠላው ሲጠለል በሚታወቅ ጀሪካን ይለካ። 40 ሊትር ከወጣ የአንዱ ሊትር ወጪ 38 ብር ነው።

በዚህ ላይ ቅራሪው አለ። ዋናው ጠላ ከወጣ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ 15 ሊትር ቅራሪ ቢገኝና ዋጋው የጠላው ግማሽ ተደርጎ ቢታሰብ፣ 15 ሊትሩ እንደ 7.5 ሊትር ጠላ ይቆጠራል። 1,520 ብርን ለ47.5 ስናካፍል የጠላው ሊትር 32፣ የቅራሪው ደግሞ 16 ብር ይሆናል። አተላው ለከብት ከተሸጠ ገንዘቡ ከ1,520 ብር ላይ አስቀድሞ ይቀነሳል።

ብክነትም በዚሁ መንገድ ይታያል። ከ40 ሊትሩ 5 ሊትር ኮምጥጦ ቢደፋ የቀረው 35 ሊትር እያንዳንዱ 43 ብር ያህል ይሆናል። ገብስ ከ80 ወደ 100 ብር ቢጨምር ግን ለጠላውና ለብቅሉ የሚጨመረው 130 ብር ስለሆነ ሊትሩ ወደ 41 ብር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ ማለት የአምስት ሊትር መበላሸት ከገብስ ዋጋ በሩብ መጨመር የበለጠ ይጎዳል። ጠላ አየር ሲያገኝ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ስለሚበረቱበት፣ ቶሎ ቶሎ ተከፍቶ የሚቀዳበት ትልቅ ጋን ከመያዝ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ከድኖ ማስቀመጥ ርካሽ እህል ከመፈለግ የበለጠ ገንዘብ ያድናል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ረገድ በአካባቢው የሚጠመቀው ኮረፌ አስተማሪ ነው። የተሸከሸከው ገብስ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ከተደፈደፈ በኋላ ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፤ ሲፈለግ ብቻ ጥቂቱ ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል። እህሉን በርካሽ ጊዜ ገዝቶ በፍላጎት ልክ መቅዳት ስለሚቻል ኪሳራው ትንሽ ነው።

7. ለሚቀጥለው ድግስ ወደ ኋላ ማስላት

መዝገቡ አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ ግዢው ከእንግዳው ቁጥር ተነሥቶ ይታሰባል። ለ60 ሰው ማኅበር ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ቢታሰብ 90 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም ከ40 ሊትሩ ልኬት 2.25 እጥፍ ነው። ስለዚህ 22.5 ኪሎ እህል፣ 4.5 ኪሎ ብቅል፣ 1,350 ግራም የጌሾ ቅጠልና 900 ግራም የጌሾ እንጨት ይገዛል፤ ብቅሉ በቤት የሚበቅል ከሆነ 5.6 ኪሎ ያህል ገብስ ይዘፈዘፋል። ወጪው በቀጥታ ሲባዛ 3,420 ብር ቢመጣም፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሚጨመረው ማገዶ ስለሚያንስና ወይራውም ለሁለት ጋን ስለሚበቃ ትክክለኛው ወጪ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ይላል። የቀነሰውን ልክ ለማወቅ የማገዶውና የወይራው ወጪ በመዝገቡ ላይ ከእህሉ ተለይቶ ለብቻው ይጻፍ።