ለአጭር የአየር ጠመንጃ ኢላማ የማይስት ስላግ እንዴት ይመረጣል

በታመቀ አየር የሚሠሩ ጠመንጃዎች ለረጅም ጊዜ ሲጎርሱ የኖሩት ፔሌት የሚባለውን፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጭራው ሰፊና ክፍት የሆነ አነስተኛ የእርሳስ ጥይት ነው። ፔሌት ጭራውን አየሩ ወደ ኋላ ስለሚይዝለት ብዙም ሳይሽከረከር አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ይበራል፤ በዚያው ልክ ግን ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፣ ነፋስም በቀላሉ ይገፋዋል። ስላግ የሚባለው ሌላው የአየር ጠመንጃ ጥይት እንደ ባሩድ ጠመንጃ እርሳስ ድፍንና ሞላላ በመሆኑ ከ50 ሜትር በላይ ሲተኮስ ነፋስን በእጅጉ የተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ የሚሄደው የበርሜሉ ጥምዝ ቦዮች በቂ ሽክርክሪት ከሰጡት ብቻ ነው። ፔሌትን አንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚከት ጠመንጃ ስላግን ሲበትን የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ተኳሽ ፍለጋውን የሚጀምረው ከክብደት ነው፤ በእኔ እምነት ግን በቅድሚያ መረጋገጥ ያለበት የስላጉ ስፋት ሲሆን፣ ክብደቱን ደግሞ ጠመንጃው ሊሰጠው የሚችለው ፍጥነት ይወስነዋል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጠመንጃዎ ለስላግ የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ። በሞላና በፒስተን የሚሠራ ጠመንጃ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ በፔሌት ቢቀጥል ይሻለዋል። ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጉልበት ከ16.3 ጁል ገደማ ማለፍ የለበትም፣ በጀርመን ደግሞ ወሰኑ 7.5 ጁል ነው፤ በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ለሚተኩስ ሰው የስላግ ጥቅም እምብዛም ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የአየር ጠመንጃን ከጦር መሣሪያ ባይቆጥረውም እንደ ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች ግን ይቆጥሩታልና የሚኖሩበትን ግዛት ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

ቀጣዩ ሥራ የበርሜሉን ውስጥ መለካት ነው። ጠመንጃው አለመጉረሱን ካረጋገጡ፣ ካዝናውን ካወጡና አየሩን ካስወጡ በኋላ፣ ከበርሜሉ ጥቂት ሰፋ ያለ ለስላሳ የእርሳስ ስላግ በዘይት አርሰው በመጥረጊያ ዘንግ ቀስ ብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግፉት። በሚገፉበት ጊዜ እጅዎ የሚሰማውን ያስተውሉ፤ ዘንጉ እኩል ሲሄድ ቆይቶ ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ ከጠነከረ በርሜሉ ጫፉ ላይ ጥበት አለው ማለት ነው። ይህ ጥበት ሆን ተብሎ ለፔሌት የተሠራ ሲሆን፣ ስላግ ግን ድፍን በመሆኑ እዚያ ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ቅርፁ ይበላሻል። የወጣውን እርሳስ በማይክሮሜትር ይለኩት፤ የተለመደው ካሊፐር ለዚህ ሥራ በቂ አይደለም፣ ምክንያቱም በ5.5 ሚሊ ሜትር ስላጎች በአንዱ ስፋትና በተከታዩ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በማሸጊያው ላይ በኢንች 0.217 ተብሎ የሚጻፈው 5.51 ሚሊ ሜትር፣ 0.218 የሚባለው ደግሞ 5.54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህች ኢምንት የምትመስል ልዩነት ጥሩውን ከመጥፎው ስትለይ ደጋግማ ትታያለች።

ከዚህ በኋላ በተለካው ስፋት ዙሪያ ጥቂት ዓይነቶችን በትንሽ በትንሹ ይግዙ። የጀርመኑ ኤች ኤንድ ኤን፣ የቼኩ ጄ ኤስ ቢ ኖክአውት በሚለው ስሙ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ኒልሰን ስፔሻሊቲ አሞ ስላግ ያመርታሉ፤ አንዳንድ ሻጮችም ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት የያዘ የመሞከሪያ እሽግ ያቀርባሉ። መጀመሪያ ስላጉ በካዝናው ውስጥ መግባቱን ይዩ፤ የአጭር ጠመንጃ ካዝና ብዙ ጊዜ ለፔሌት ቁመት የተሠራ ስለሆነ ረዘም ያለ ስላግ አፍንጫው ተርፎ ካዝናውን እንዳይዞር ያግደዋል። ቀጥሎም አንዱን ስላግ በርሜሉ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ሳይተኩሱ በዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ ገፍተው ያውጡትና በማጉያ መነጽር ይመርምሩት። የጥምዙ አሻራ ዙሪያውን እኩል ካረፈበት ስፋቱ ተስማምቷል፤ አሻራው በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ስላጉ ጠቧል ወይም ጋድሎ ገብቷል፤ ከጎኑ እርሳስ ተልጦ ከተገኘ ደግሞ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ስለት ስላለው፣ ያንን ባለሙያ ሳያለሰልሰው የትኛውም ስላግ አይሰምርም።

አሁን ወደ ክብደት እንምጣ። አጭር ጠመንጃ በርሜሉ አጭር ስለሆነ አየሩ ጥይቱን የሚገፋበት ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ጉልበት ውስን ነው። ጠመንጃዎ 40 ጁል ይሰጣል እንበል፤ በዚህ ጉልበት 20 ግሬን ወይም 1.3 ግራም የሚመዝን ስላግ በሰከንድ 248 ሜትር ያህል ሲወጣ፣ 25 ግሬን የሚመዝነው ወደ 222፣ 30 ግሬን የሚመዝነው ደግሞ ወደ 203 ሜትር ይወርዳል። በታመቀ አየር ከባድ ጥይት ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት እንደሚያገኝ የታወቀ ቢሆንም ጭማሪው ይህን ሁሉ ክፍተት አይሞላም። አብዛኛው ስላግ በሰከንድ ከ260 እስከ 290 ሜትር ባለው ፍጥነት ጥሩ ሥራ ስለሚሠራ፣ የአጭር ጠመንጃ ባለቤት ቀለል ካለውና አጠር ካለው ስላግ ቢጀምር ያዋጣዋል። አጭርነቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በ406 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ የሚዞር ዝግ ያለ ጥምዝ ረጅም ስላግን በበቂ ማሽከርከር ሊያቅተው ይችላል፣ አጭሩን ግን ያረጋጋዋል። የክብደት ቁጥር ትልቅ ሲሆን ዓይን መሳቡ አይቀርም፤ የሱቅ ማስታወቂያም ይህን ያውቃል።

ፍጥነቱን ለመለካት ክሮኖግራፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚህ መሣሪያ የሚደረግ ፍለጋ ግምት ነው። 10 ተኩስ ይለኩና በፈጣኑና በዝግተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ይመዝግቡ። በሰከንድ 260 ሜትር በሚወጣ ስላግ ላይ የ5 ሜትር ልዩነት ቢኖር በ100 ሜትር ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይበትናል፤ ይህን ተኳሹ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሊያርመው አይችልም። አጭር ጠመንጃ የአየር ቋቱም አነስተኛ ስለሆነ ግፊቱ ከሬጉሌተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተኩስ የሚሰጠውን የአየር ግፊት እኩል ከሚያደርገው ክፍል፣ ልክ በታች የሚወርደው ቶሎ ነው፤ የግፊት መለኪያው (ማኖሜትሩ) ወደዚያ ልክ ሲቃረብ ሙከራውን አቁመው እንደገና ይሙሉ፣ አለበለዚያ የአየሩን ማነስ በስላጉ ላይ ያላክካሉ። ፍጥነቱን ለማስተካከል የአየሩን በር መትቶ የሚከፍተውን የመዶሻውን ሞላ በሩብ ዙር ወይም የሬጉሌተሩን ግፊት አምራቹ ከፈቀደው ሳያልፉ በ5 ባር ይቀይሩ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከነኩ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

የኢላማውን ሙከራ ከ25 ሜትር ጀምረው ወደ 50 ሜትር ያሳድጉት፤ 100 ሜትር የሚሞከረው 50 ሜትር ላይ ያለፈው ስላግ ብቻ ነው። ስላግ ከፔሌት ይልቅ ሩቅ የሚሄድና ነጥሮ የሚመለስ በመሆኑ ከኢላማው ኋላ ወፍራም የአፈር ክምር ወይም በሕግ የተፈቀደ የተኩስ ሜዳ መኖሩ ግዴታ ነው። ነፋሱ ጸጥ ባለበት በማለዳ ጠመንጃውን ከፊትና ከሰደፉ በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈው ይተኩሱ፤ ቀላልና አጭር ጠመንጃ ትከሻና ጉንጭ ሲጫነው ቶሎ ስለሚንቀሳቀስ አያያዝዎን ከተኩስ ተኩስ አይለውጡ። ሦስት ጥይት ባንድ ቀዳዳ ሲገባ ማድነቅ ያስደስታል፣ ዳሩ ግን የሦስት ጥይት ቡድን ዕድልን ከችሎታ አይለይም። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አራት ጊዜ አምስት አምስት ጥይት ተኩሰው በየቡድኑ በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሃከል ያለውን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ይለኩና አማካዩን ይያዙ፤ መጥፎውን ቡድን ከስሌቱ ማውጣት አይፈቀድም። በ50 ሜትር አንድ የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) 14.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አማካዩ ከዚህ ልክ በታች የሚውል ስላግ ሊያዝ ይገባዋል።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ይናገራል። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ ስላጉ እየተንገዳገደ ደርሷል፤ ይህ ሲሆን ወደ አጭር ስላግ ይውረዱ ወይም ፍጥነቱን ይጨምሩ። ቡድኑ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ከተዘረጋ ወደ ክሮኖግራፉ ይመለሱ። አራቱ ተሰባስበው አንዱ ያለ ምክንያት ርቆ ከሄደና ጠመንጃው ድምፅ መቀነሻ ካለው፣ ስላጉ የመቀነሻውን ውስጥ እየነካ ሊሆን ስለሚችል ፈትተው ሲሞክሩ ችግሩ መጥፋቱን ይዩ፤ መቀነሻው ውስጥ የእርሳስ ጭረት መታየቱም ማረጋገጫ ነው።

አንዱን ስላግ ለቀው ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ በርሜሉን ይጥረጉና ከመለካትዎ በፊት ጥቂት ተኩሰው ያላምዱት፤ ስላግ ከፔሌት ይልቅ በቦዮቹ ላይ እርሳስ የሚተው በመሆኑ ያለፈው ጥይት ቅሪት በአዲሱ ላይ ይፈርዳል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከጨረሱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በሥራው መካከልም ምግብ አይንኩ። የተመረጠው ስላግ ከታወቀ በኋላ በማሸጊያው ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር መዝግበው ከዚያው ዙር የሚበቃዎትን ያህል ይግዙ፤ አዲስ ዙር በገባ ቁጥርም ከእሽጉ አሥሩን በማይክሮሜትርና በሚዛን ፈትሸው ከበፊቱ ጋር ያስተያዩ።