የዳግማዊ ምኒልክን ቴምብር እንዴት መለየት ይቻላል?

ከአያት ሣጥን የንጉሥ መልክ ያለበት አሮጌ ቴምብር ሲገኝ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ከፖስታው ላይ ሊልጠው ይሞክራል። እባካችሁ አትላጡት፣ ውሃ ውስጥም አትንከሩት። ወረንጦ፣ ጥሩ ማጉያ መነጽርና የቀን ብርሃን ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ሥዕሉን እዩ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተሙ 7 ዓይነት ናቸው (የቴምብር ካታሎጎች የሚጠቀሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ እኔም እሱኑ ይዣለሁ)። አረንጓዴው ሩብ፣ ቀዩ ግማሽ፣ ሰማያዊው 1 እና ቡናማው 2 ግርሽ (የዘመኑ ገንዘብ) ዘውድ የደፉትን ዳግማዊ ምኒልክን ያሳያሉ። ይህን መልክ የቀረጸው ፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን ነው። የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሾቹ ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። የሰሎሞን ዙፋን ያለበት ካገኛችሁ ግን ከ1909ኙ እትም ነው።

ቀጥሎ ሥዕሉ ላይ የተደረበ ጽሑፍ ካለ ፈልጉ። ከባዱ ሥራ እዚህ ነው። በ1901 የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚል ቃል ተመትቶባቸዋል። «ቦስታ» የዛሬው «ፖስታ» መሆኑ ነው፤ አያቶቻችን ሲሉት የነበረውን ቃል ቴምብር ላይ ማንበብ ልብ ያሞቃል። ግን ተጠንቀቁ፤ ጽሑፉ በእጅ ማህተም የሚመታ ስለነበር አስመሳዮች ብዙ ሠርተውበታል። ቴምብሩ የፖስታ ቤት ማህተም ካለበት የጽሑፉና የማህተሙ ቀለሞች የሚገናኙበትን ቦታ በማጉያ መርምሩ። የተደረበው ጽሑፍ ከማህተሙ በላይ ካረፈ፣ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ የተጨመረ ነውና አትመኑት።

ከዚያ ማህተሙን አንብቡ። ያልተለጠፈ የ1894 ቴምብር ዕድሜው ቢገርምም ብርቅ አይደለም፤ ብዙው በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ተሽጧል። በእኔ እምነት ትልቁ ሀብት ሐረር ወይም እንጦጦ ላይ ተመትቶ በእርግጥ የተጓዘ ደብዳቤ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት (አገሮች አንዱ የሌላውን ቴምብር የሚቀበሉበት ማኅበር) አባል የሆነችው በኖቬምበር 1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይ ወይም የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። ፖስታው ላይ የሁለት አገር ቴምብር ጎን ለጎን ብታዩ ግራ አይግባችሁ፤ እንዲያውም ደስ ይበላችሁ።

በመጨረሻ ፖስታውን ከነቴምብሩ ሳታጥፉ፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ማን ለማን እንደጻፈውና ከማን እጅ እንደመጣ የቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ጠይቃችሁ በሌላ ወረቀት ጻፉ፤ ፖስታው ላይ ግን ብዕር አታሳርፉ።