ዴክ አልቀበል ያለው የሠርግ ዲቪዲ

ቱሉ ዲምቱ እናቴ ቤት ያለው ዴክ የእህቴን የሠርግ ዲቪዲ አላነብም አለ። የተገዛ ፊልም ግን ያለችግር ያጫውታል፤ ስለዚህ ችግሩ ከዲስኩ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ያለው አንድ የኤምፒፎር ፋይል ብቻ። የቆዩ ዴኮች ይሄን አያውቁትም፤ የሚፈልጉት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባለውን ፎልደርና በውስጡ ኤምፔግ 2 በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት የተዘጋጀ ቪዲዮ ነው።

ዲቪዲስታይለር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፓል የሚባለውን የቲቪ ምስል ደረጃ መርጬ (720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም) አዘጋጀሁት። ከዚያ ባዶ ዲቪዲ አር ላይ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ቀዳሁት። ፋይናላይዝ የሚለውን እንዳትዘሉት፤ ዲስኩ ካልተዘጋ ብዙ ዴኮች አያነቡትም።

እማዬ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል አለች! ዲስኩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፤ ሲሽከረከር ያንገዳግደዋል። በማርከር ጻፉበት።