የድሬን የበልግ ዝናብ ስንገምት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ድሬዳዋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። አንዱ በልግ ነው፣ ሌላው ክረምት። ክረምቱን ሰው ይጠብቀዋል። በልጉ ግን ያታልላል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀትር ላይ አስፋልቱ ይፋጃል፣ አመሻሽ ላይ አቧራው ይነሣና መብረቁ ይከተላል። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትንበያ ይሰጣል፤ መብቱ ነው። ግን ስህተቶቹ በየዓመቱ ያው ናቸው።

አናታችን ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። በስተደቡብ በደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በስተሰሜን ወደ ሽንሌ ሜዳው ይዘረጋል።

ፀሐይ የተራራውን ገጽ ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይሄዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እርጥበትም ደመና ይሆናል። እርጥበቱ በበልግ የሚመጣው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደመና ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ከተማው ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብሎ ቀና ማለት ምንም አይነግርም። ወደ ደቡብ ማየት ነው።

ምን ይታያል? ደመናው ወደ ጎን ከተበተነና ጠፍጣፋ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ቁመት መጨመር ከጀመረና ጫፉ እንደ ፈንዲሻ እየፈነዳ ከወጣ ግን ቀሪው ቀን ሥራ አለው። ቆይቶ ያ ጥርት ያለ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ጫፉም ወደ ጎን ይነጠፋል። ያኔ አናቱ ወደ በረዶነት ተለውጧል ማለት ነው። ነጎድጓዱ ደርሷል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል የሆነውን ድሬ አትረሳውም። ሌሊት ነበር፤ ውሃው የወረደው ከላይ ከተራራው ነው። ወቅቱ ክረምት ቢሆንም አካሄዱ በበልግም ያው ነው። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 30 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይሆናል። ተዳፋቱ ድንጋያማ ነው፤ ብዙ አይመጥም። ደቻቱ ላይ ለቆመ ሰው አናቱ ላይ ኮከብ እየታየ ጎርፉ ሊደርስበት ይችላል።

ሙቀት ሁሉ ዝናብ ያመጣል ማለት

«አቦ፣ ዛሬማ እንዲህ አቃጥሎ ሳይዘንብ አያድርም!» ድሬ እንዲህ ከሆነ በየቀኑ ሊዘንብባት ነው። ሙቀት አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ደመና የሚሠራው ግን እርጥበት ነው። የሚለየው ወበቁ ነው። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ወዲያው ከደረቀ አየሩ ደረቅ ነው። ላብ ሰውነት ላይ ተጣብቆ አልደርቅ ካለ ግን ጥርጣሬው ልክ ነው።

ቁጥር ለሚወድ፣ አብዛኛው የስልክ መተግበሪያ የጤዛ ነጥብ (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) የሚል ልኬት አለው። ከሙቀቱ ቁጥር ይልቅ እሱን ይዩ። ትናንት 9 ዲግሪ የነበረ ዛሬ 17 ከገባ፣ ሙቀቱ ምንም ባይለወጥ እንኳ አየሩ ሌላ አየር ሆኗል።

መሀል ላይ ያለው ሁኔታ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ከላይ ደመና አለ፣ ከታች አየሩ ደረቅ ነው። ዝናቡ ከደመናው ሥር ግራጫ ሆኖ ይታይና መሬት ሳይደርስ ይተናል። ሰው «አለፈን» ይላል። አላለፈም። ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርድና ሜዳው ላይ ይፈነጥቃል። ጠብ ሳይል ሸራ ገንጥሎ የሚሄደው የአቧራ ንፋስ እሱ ነው። ቀፊራ ገበያ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ከዝናቡ ይልቅ እሱን ቢፈራ አይፈረድበትም።

የስልኩን ሰዓት እንደኛ ሰዓት ማንበብ

ቀላል ይመስላል፤ ሰርግ የሚያበላሸው ግን ይሄ ነው። ስልኩ 15:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። 3:00 ካለ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንጂ ጠዋት 3 ሰዓት አይደለም። የሳተላይት ምስል ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ የዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ 3 መደመር አለበት። እዚያ 12:00 የሚለው ለኛ ያው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

የሳተላይቱ ነገር ከተነሣ፣ ነጭ የሆነ ሁሉ ዝናብ አይደለም። የሙቀት ምስሉ ቀዝቃዛውን የደመና አናት በደማቅ ነጭ ያሳያል። የነጎድጓድ ደመና አናት ደግሞ በከፍታ ንፋስ ተወስዶ ራቅ ብሎ ይዘረጋል። ድሬ በምስሉ ላይ በነጭ ተሸፍና፣ መሬት ላይ ያለው ግን ጥላ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱን ምስል ትቶ ተከታታዮቹን ማየት ይሻላል፤ ነጩ ነገር የተነሣው የት ነው፣ ወዴትስ ሄደ?

40 በመቶን «አይዘንብም» ብሎ መተርጎም

40 በመቶ ማለት እንደዛሬው ካሉ 10 ቀናት በ4ቱ እዚያ ቦታ ይዘንባል ማለት ነው። የዝናቡን ብዛትም ሆነ የሚቆይበትን ሰዓት አይናገርም። ትንሽ ካፊያም ቢሆን ዝናብ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ዕቅድዎ ቤተ ዘመድ ሰብስቦ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል ከሆነ 40 ብዙ ነው። ገበያ ደርሶ መመለስ ከሆነ ይሂዱ።

በዚያ ላይ የዓለም አቀፎቹ የኮምፒውተር ትንበያ ሞዴሎች መሬቱን የሚከፋፍሉት 10 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ነው። ገደሉና ሜዳው አንድ ካሬ ውስጥ ሲገቡ ከፍታቸው ተጨፍልቆ አማካይ ይሆናል። የድሬን የመሰለ አቀማመጥ ለኮምፒውተሩም ፈተና ነው።

የሐረርን ሰማይ ለድሬ ማበደር

በመኪና መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። «ሐረር እየዘነበ ነው» የሚል ስልክ ለድሬ ሰው የዝናብ ትንበያ አይሆንም። ከደንገጎ የሚመጣ ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ ኃይለኛ ዝናብ እየወረደ ነው ከተባለ፣ ድሬ ፀሐይ ቢሆንም ከደቻቱ አሸዋ መውጣት ነው።

የወቅቱን ትንበያ ለነገ መጠቀም

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ «ከመደበኛ በላይ» ወይም «ከመደበኛ በታች» ሲል የወራቱን ድምር ነው የሚናገረው። ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ ትልቅ መረጃ ነው። ስለ ቅዳሜ ግን አያወራም። ከመደበኛ በታች በሆነ በልግ ውስጥም አንድ ምሽት ደቻቱን ሊሞላው ይችላል።

ዝናቡ አባራ ብሎ ወዲያው መውጣት

መብረቅ ዝናቡ ከሚወርድበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊመታ ይችላል። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩና ለ3 ያካፍሉ፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቤት ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ የተዘጋ መኪና ይሻላል።

ባጃጅ ግን ጎኗ ክፍት ስለሆነ ከመብረቅ አታስጥልም። ጎርፍ መሻገሪያም አይደለችም። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የቆመ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። «ጉልበት እንኳ አልደረሰም» እያለ አሸዋውን ለማቋረጥ የሚጣደፍ ሾፌር ካጋጠመዎት ሒሳቡን ከፍለው ይውረዱ፣ በድልድዩ ይዙሩ።