ነባር ድመት ባለችበት ቤት ግልገል ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ድመታችን አብዳለች፤ ግልገሏን ልትገድላት ነው!» ቤት ለቤት እየዞርኩ እንስሳት ሳክም በብዛት የሚደወልልኝ በዚህ ጉዳይ ነው። ደርሼ ሳያት ትልቋ ድመት ጤነኛ ናት። የተበላሸው አዲሷ የገባችበት መንገድ ነው፤ የሚበላሸውም በየቤቱ በተመሳሳይ ስህተት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ማገናኘት

ይህኛውን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስላማረረኝ ነው። ግልገሏ በዘንቢል ትመጣለች፣ ሳሎን መሃል ትለቀቃለች፣ ልጆች ይከቧታል። ከዚያ አንዱ ትልቋን ከተኛችበት አንስቶ ፊቷ ያስቀምጣትና «ተዋወቁ!» ይላል። እባካችሁ ተዉ! እንግዳ ሲመጣ ተነስተን ጉንጭ ለጉንጭ የምንሳሳመው እኛ ሰዎች ነን። ድመት ወዳጅና ባዳ የምትለየው በዋናነት በጠረን ነው። በበሩ መቃን፣ በሶፋው እግርና በእናንተ ቁርጭምጭሚት ላይ የምትታሸው ከጉንጯ፣ ከግንባሯና ከጅራቷ ሥር ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን የራሷን ጠረን ለመቀባት ነው። መዳፏ ላይም ዕጢ ስላላት ሶፋ ስትቧጥጥም ጠረኗን እየተወች ነው። የራሷ ጠረን ባለበት ቦታ ትረጋጋለች። ሌላ ቤትና ሌላ እናት የምትሸት ፍጥረት ድንገት እዚያ መሃል ስትቆም ግን ወራሪ ገባባት ማለት ነው። የግልገሏ ማነስ እኛን ያሳዝነን ይሆናል፤ እሷን አያራራትም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በጠብ ካለቀ ለማስተካከል ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ግልገሏ ሳትመጣ የተለየ ክፍል አዘጋጁላት። ውሃዋን፣ ምግቧን፣ መጸዳጃዋንና የምትደበቅበትን ካርቶን እዚያው አስገቡ፤ በሩንም ዝጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክፍል ክፍል የሚመላለሰው ጨርቅ ብቻ ይሁን። ንጹህ ካልሲ የግልገሏን ጉንጭና ግንባር አሹበትና ትልቋ ከምትበላበት ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በሌላ ካልሲ የትልቋን ጠረን ወደ ግልገሏ ውሰዱ። ትልቋ አሽትታ ብታኮርፍ አትደንግጡ። አሽትታው ወደ ምግቧ ከተመለሰች ቀጣዩን ጀምሩ።

ቀጣዩ በተዘጋው በር በዚህና በዚያ ወገን ማብላት ነው። ሳህኖቹን መጀመሪያ ከበሩ ሁለት ክንድ ያህል አርቁና ትልቋን ተመልከቷት። ጆሮዋ ወደ በሩ ይዞራል፣ አንዴ ጎርሳ ቀና ትላለች፣ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይወዛወዛል። እንዲህ ከሆነች በማግስቱም ሳህኑ ካለበት አይነቃነቅ። ቀና ቀና ማለቷን ትታ ሳህኑን ልሳ ስትጨርስ፣ እዚያው ዘና ብላ ስትጋደም፣ ያኔ በስንዝር አስጠጉት። መተያየት የሚመጣው ሁለቱም በሩ ሥር በሰላም መብላት ሲችሉ ነው። በሩን በሁለት ጣት ስፋት ክፈቱ፣ ጥቂት ደቂቃ ይብሉ፣ ሳይጣሉ መልሳችሁ ዝጉ። ይህ ሁሉ በአንዱ ቤት ሁለት ሳምንት፣ በሌላው ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል።

«የተለየ ክፍል የለንም» ማለት

መታጠቢያ ቤት ይበቃል። ግልገል ሰፊ ቦታ አያስፈልጋትም። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ያጠራቀማችሁበት ባልዲና በርሜል ግን ክዳን ይኑረው፤ ወድቃ ልትሰጥም ትችላለች። የአይጥ መርዝም ቤት ውስጥ ካለ አስወግዱ።

ትልቋን መቅጣት

አንድ ኮንዶሚኒየም ስደርስ እናትየው ውሮ ላይ ነጠላ ጫማ ሲወረውሩ አገኘኋቸው። ግልገሏን የልጅ ልጃቸው ናት ያመጣችላቸው።

«ልጄ፣ ቅናት ይዟታል። አልጋዬ ላይ ሁሉ ሸናችብኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ፈርታ ነው እኮ። ጫማው ሲመጣባት ፊት ለፊቷ ያለችው ግልገሏ ናት። ሕመሙን ከማን ጋር የምታያይዘው ይመስልዎታል?»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» የሚለው ተረት በዚህ ጊዜ ሁሉ ይጠቀስብኛል፤ እኔ ግን አመል ነው ብዬ አልተውም። «ፍፍፍ» ማለት «አትጠጊኝ» ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ደግ ነገር ነው፤ የተቀጣች ድመት ማስጠንቀቁን ትታ በቀጥታ ልትነክስ ትችላለች። የሚያሳስበኝ ድምፅ አልባው ነው፦ ዓይኗን ሳትነቅል ማፍጠጥ፣ ሆዷን መሬት አስጠግታ መከተል፣ ወደ ምግቡ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ተጋድሞ መዝጋት። ይህን ስታዩ ካርቶን ወይም ትራስ መሃላቸው አስገብታችሁ ለዩዋቸው፤ እጃችሁን አታስገቡ።

እዚያ ቤት ግልገሏ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ሥራው ከካልሲው ጀመረ። ውሮ አልጋ ላይ መሽናቷን ያቆመችው ከግልገሏ ጋር ከመስማማቷ ቀደም ብሎ ነው። አሁን በአንድ ሶፋ ሁለት ጫፍ ላይ ይተኛሉ። እቅፍ ብለው አይተኙም፤ እማማ ግን ይህ ይበቃኛል ይላሉ፣ እኔም ይበቃል እላለሁ።

ሽንትን ካነሳን፣ ወንድ ድመት ደጋግሞ አጎንብሶ ሽንት ካልወጣው ለነገ አይባልም። ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጭንቀትም ይህን ችግር ከሚያባብሱት አንዱ ነው።

አንድ ሳህን፣ አንድ መጸዳጃ

ለሁለት ድመት ሦስት መጸዳጃ፣ ያውም በተለያየ ጥግ። ሰጋቱራም ሆነ አሸዋ ይሆናል፣ በየቀኑ እስከተጠረገ ድረስ። የትልቋን ሳህንና መኝታ ለግልገሏ አትስጡ።

ሳያስመረምሩ ማስገባት

ከመንገድ የተነሳች ግልገል ሆዷ ተነፍቶ ስታዩ ጠግባ ነው አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ትል ነው። ከዚህ የከፋው ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ግልገሎችንም በቀናት ውስጥ ይገድላል። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቤታችሁ በዚህ በሽታ የሞተ ድመት ከነበረ ወለሉንና ዕቃውን በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡ፤ አዲሷንም ሳትከተብ አታስገቡ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንቷ ትወስዳለች። ትልቋም የዘለላት ክትባት ካለ አሁኑኑ ትከተብ። ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከእናቷ ያለጊዜዋ መለየት

8 ሳምንት ያልሞላትን አትውሰዱ። ጥርሷንና ጥፍሯን መግታት የምትማረው ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ነው፤ ይህን ያልተማረች ግልገል ትልቋን ዕረፍት ትነሳታለች። የላም ወተትም አታጠጧት፣ ያስቀምጣታል።

ማምከኑን ማዘግየት

ትልቁ ወንድ፣ አዲሷ ሴት ከሆነች «ገና ልጅ ናት» አትበሉ፤ ከ4 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። ሁለቱም ወንድ ከሆኑም ያልመከኑ ወንዶች ግዛት ላይ ይጣላሉ።

ተቸግሮ ገበያ ዳር መጣል

ሁሉንም በአግባቡ አድርጋችሁ ከወራት በኋላም ትልቋ የምታሳድዳት ከሆነ፣ ወይም ከሁለቱ አንዷ ከአንድ ቀን በላይ ምግብ ከተወች፣ ለሐኪም ንገሩ። አብረው መኖር የማይችሉ ድመቶች አሉ። ያኔ ለግልገሏ ሌላ ድመት የሌለበት ቤት ፈልጉ፤ ስትሰጧትም ከነክትባት ካርዷ ስጡ።